ባለ ስምንት ኪሱ ሸራ

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከአሮጌ ሱሪ ኪስ ነው። ለሰው ሳወራው ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ዘንድሮ ግን ደክሞኛል። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር በዚህ ድካም ላይ እየተነሣ እንቅልፍ ከሚነሳኝ ተናግሬው ልረፍ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባቴ የእንግሊዝኛ መምህር። የምንኖረው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ለመምህራን ከተሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች በመጨረሻው ነበር። ቤቱ አባቴ እስካስተማረ ድረስ የእኛ ነው፤ ማስተማር ያቆመ ዕለት ቁልፍ አስረክቦ መውጣት ነው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ማወቅና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው። የእናቴ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ደወል ሲደወል መቀሷ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል።

አባቴ ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ የምታስቸግራቸው ከግስ ኋላ የምትገባው ትንሽዬ ቃል መሆኗን ያወቀው እኔ ሳልወለድ ነው። «በእኛ ቋንቋ አውቶቡስ ስትጠብቁ አውቶቡስ ነው የምትጠብቁት» ይላቸው ነበር። «በእነሱ ቋንቋ ግን ‘ዌይት’ ብላችሁ መሀል ላይ ‘ፎር’ ካልሸጎጣችሁ አውቶቡሱ አይመጣም።» ልጆቹ ይስቃሉ፤ ፈተና ላይ ግን የፎርን ቦታ ለሌላ ይሰጡታል። ዘፈን ሲያዳምጡ ‘ቱ’፣ በሰው ሲስቁ ‘አት’፣ በሰው ሲመኩ ‘ኦን’። ለምን? «ለምን የለውም» ይላል አባቴ። «እንደ ሰው ጸባይ ነው፤ ትለምዱታላችሁ።»

መላውን የመታችለት እናቴ ናት። ለጥገና መጥተው ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው ከቀሩ ሱሪዎች ላይ ስምንት ኪስ ቆርጣ ወፍራም ሸራ ላይ ሰፋችለት። ፎር ቡናማ፣ ቱ ሰማያዊ፣ ኦን ግራጫ፣ አት ጥቁር፣ ኦፍ ነጭ፣ ዊዝ ካኪ፣ ፍሮም አረንጓዴ፣ ኢን ባለ መስመር። አባቴ የጠመኔ ካርቶን እየቆረጠ ግሶቹን ጻፈባቸው። ተማሪ ይነሣል፣ ካርድ ይቀበላል፣ ኪሷን ፈልጎ ይከታል። ልክ ከሆነ «ጎበዝ!» ይባላል። ከተሳሳተ አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ «የሰው ኪስ ነው፣ ቶሎ አውጣ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የተሳሳተው ልጅ ራሱ ይስቃል። ስሙም በዚሁ ወጣለት፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ሁሉም «ቲቸር ኪስ» ነበር የሚለው።

እናቴ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አትለይም። ኪሶቹን ግን በቀለማቸው በቃሏ ታውቃቸዋለች። እሱ ለትምህርት ሲዘጋጅ «ዲፔንድ?» ካለ፣ እሷ መኪናዋን እየረገጠች «ግራጫ!» ትለዋለች። እንዲህ ነበር ቤታችን።

አሥር ዓመት ሞልቶኝ አምስተኛ ክፍል፣ የአባቴ ክፍል፣ የገባሁበት ዓመት ነው እንግዲህ። አባቴ በሆነ ባልሆነው ይጠይቀኝ ጀመር። ጢሙን ሲላጭ፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያየኝና «ሱፈር?» ይለኛል።

«አረንጓዴ!»

«እህህ» ይላል፣ ከባድ ነገር ከትከሻው እንዳወረደ ሰው። ምላጩን አጥቦ፣ ሌላውን ጉንጩን ላጭቶ እንደገና «ሱፈር?»

አንድ ጧት ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ «አባዬ፣ አሁን እኮ ነገርኩህ! ትቀልዳለህ እንዴ?» አልኩት። እናቴ ከውስጥ «አንቺ! ሲጠይቅሽ መልሺ፤ ሰውዬውን አታድርቂው!» ብላ ጮኸችብኝ። ደነገጥኩ። እናቴ እንዲህ ለትንሽ ነገር የምትጮህ ሴት አልነበረችም።

እየፈተነኝ መሰለኝ። ልጄ ከሁሉ እንድትበልጥ ብሎ የሚያጠናኝ መሰለኝ፤ ኩራቱም መሰልቸቱም አብረው ነበሩብኝ። ደብተሮች ሲያርምም አጠገቡ ያስቀምጠኛል፤ ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ይቺስ?» ይለኛል፣ እኔ ቀለሙን እጠራለሁ፣ እሱ ምልክቱን ያደርጋል። እንቅልፌ እየመጣ፣ ጓደኞቼ ገመድ ሲዘሉ በመስኮት እየሰማሁ፣ የሃምሳ ልጅ ደብተር አብሬው አርሜያለሁ።

አሁን እኔ ራሴ በዚያን ጊዜው ዕድሜው ላይ ልደርስ ሦስት ዓመት ነው የሚቀረኝ። የአምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። የሚጠይቀኝ መልሱን ስላላወቀው ነበር። መጀመሪያ የሸሹት እነዚያ ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፤ ግሱ አለ፣ ኋላው ባዶ ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀናል። ጫማውን አድርጎ ጫማውን ሲፈልግ ስቀናል። እናቴ መሳቋን ያቆመችው ከእኔ በፊት ነው።

ከሳቋ በኋላ ያደረገችውን አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርዶቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ በመርፌ ስትወጋ አገኘኋት። በያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ አንዲት አጭር ክር ትሰፋለች፤ በዌይት ላይ ቡናማ፣ በሱፈር ላይ አረንጓዴ። እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ክር ትመርጣለች። በበነጋታው አባቴ አንዷን ገልብጦ አያት። ፊቱ ሲለወጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ለአንተ ብዬ ነው፤ ከጠፋህ…»

«እኔ ኮራጅ ነኝ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ‘አትኮርጁ’ ስል ኖሬ እኔ ልኮርጅ? አስተማሪ ይጠይቃል እንጂ አይሰርቅም!» ክሮቹን በምላጭ አንድ ባንድ ቆርጦ ነቀላቸው። እናቴ ከወለሉ ላይ ክር ለቀመች። እኔ ደግሞ እናቴ ተማሪዎቹን ልታስኮርጅ ስትል የተያዘች መሰለኝና አፈርኩባት። በእሷ! ባስበው ባስበው የሚያመኝ አንዱ ይኼ ነው።

በዚህ መሀል ክፍል ውስጥ ነገር ተበላሸ። አባቴ ካርድ ባነሣ ቁጥር ሠላሳ እጅ ይነሣል፤ እሱ ግን እኔን ብቻ ነው የሚጠራው። «እስቲ አንቺ።» ነገም «እስቲ አንቺ።» አጠገቤ የምትቀመጠው የጥበቃው ልጅ ነበረች፤ ከቅጥነቷ የተነሣ ትንኝ እንላታለን። ጠላት ብትሆን ባልተናደድኩ፤ እርሳስ እንኳ ለሁለት ቆርጠን የምንካፈል ጓደኛዬ ነበረች። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ እጃችንን ስንታጠብ አወጣችው።

«አባትሽ መልሱን ቤት ይነግርሻል አይደል?»

«አይነግረኝም!»

«ታዲያ ለምን አንቺን ብቻ ያስነሣል? ሁሉም እያወሩ ነው። ሊያሳልፍሽ ነው።»

«እንዲያውም እኔ ነኝ የምነግረው!» አልኳት በንዴት። እውነቱን ተናግሬ ውሸት መስሎኝ አፈርኩ። ትንኝ ሳቀች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ሄዳ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባዶውን ቦታ በእጄ እየዳበስኩ ዋልኩ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ቤታችን መጣ። የአባቴ የድሮ ተማሪ ነበር፤ ከእሱ ፊት ቆሞ ሲያወራ አሁንም እጁን ከኋላ ያደርጋል። ያን ቀን ግን የመጣው አባቴ በሌለበት ነው። እናቴ ሰው እንዳይሰማ የምትፈልገው ወሬ ካለ መኪናዋን ትረግጣለች። እኔ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት መኪናው ባረፈ ቁጥር ያመለጠውን ብቻ ነው።

«…ተቆጣጣሪው ሐሙስ…» ትርርርር። «…ሦስት ካርድ ብቻ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ…» ትርርርር። «…ልጅቷ እስካለች ድረስ…» ትርርርር። «…እንደምንም እናሳልፋለን…» ትርርርር። «…እንዳትነግሪያት፤ ልጅ ናት፣ ታወራዋለች።»

በቃ። ትንኝ ልክ ነበረች። ሊያሳልፉኝ ነው፤ ዳይሬክተሩም፣ እናቴም አሉበት። ሰርቄ የተያዝኩ ያህል ተሰማኝ።

ኋላ ነው የተረዳሁት። አንድ ወላጅ በደብተር እርማት ላይ አቤት ብሎ ነበር፤ እኔ የተኛሁበት ቀን የታረመ ደብተር ይሆናል። ከትምህርት ቢሮ የሚመጣው ተቆጣጣሪ አባቴን አይቶ «ይችላል» ካለ፣ አባቴ ዓመቱን ይጨርሳል፣ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል፣ በክብር ተሸኝቶ በሙሉ ጡረታ ይወጣል። «አይችልም» ካለ፣ የቀረን የአንድ ወር ቤት ነው። ዳይሬክተሩ የድሮ መምህሩን ሊያተርፍ፣ እናቴ ቤቷን ልታተርፍ፣ የነበራቸው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ይጠይቃል፣ እኔ እንደ ልማዴ እመልሳለሁ። ካርዶቹንም እናቴ ዳይሬክተሩን አስነብባ፣ መርጣ ከላይ ደረደረቻቸው፤ ዲፔንድ፣ ዌይት፣ ቢሎንግ። በእንቅልፌ ሳይቀር የምመልሳቸውን።

እኔ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ የራሴን ዘዴ ይዣለሁ። አንዴ እሳሳታለሁ። አባቴ በሁሉም ፊት «የሰው ኪስ ነው፣ ቶሎ አውጪ!» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። ትንኝ እንደማያዳላልኝ ታያለች፤ ወደ ወንበራችን ትመለሳለች። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ በልጅነቴ እምላለሁ፣ ሌላ ምንም።

ሐሙስ ጧት እናቴ ጸጉሬን ስትሠራልኝ አጥብቃ ጎነጎነችኝ፣ አመመኝ። ስትጨርስ አገጬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

«ዛሬ አባትሽን አደራ።»

«እሺ።»

«አደራ ብያለሁ።»

እንዳልረብሽ መሰለኝ። «እሺ አልኩሽ እኮ እማዬ!» ብዬ ሮጬ ወጣሁ።

ተቆጣጣሪው ከኋላ፣ በልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ ደረቱ ሊደርስ ተቀምጦ ነበር። ጥሩ ፊት የነበረው ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዳይሬክተሩ በሩ ጋ ቆሞ እጆቹን ከኋላ አድርጓል። አባቴ ኮቱን ለብሷል፣ ላልታ የነበረችውን የኮቱን ቁልፍ እናቴ አጥብቃ ሰፍታለታለች። ሸራው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ዲፔንድ!» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ ግቢው ድረስ ይሰማል። ሠላሳ እጅ ተነሣ። እኔን አየ። «እስቲ አንቺ።»

ከኋላዬ ትንኝ «ይኸው» ስትል ሰማኋት።

ካርዷን ተቀብዬ ሄድኩ። ግራጫው ፊት ለፊቴ ነው። ካርዷን ጥቁሩ ውስጥ ከተትኳትና ዞሬ ቁጣውን ጠበቅኩ።

«ጎበዝ!» አለ አባቴ።

ግራ ገባኝ። ኪሱን ያላየው መሰለኝ፤ እውነትም የሚያየው ኪሱን አልነበረም፣ ፊቴን ነበር የሚያየው። ልቀመጥ ስል «ቆዪ» ብሎ ሁለተኛዋን ሰጠኝ። «ዌይት!»

ዌይት እኮ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃታል። በዚች እንኳ ካልተቆጣኝ እንግዲህ በምን ሊቆጣኝ ነው ብዬ ነጩ ውስጥ፣ ጎላ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲያይ ከተትኳት።

«ጎበዝ!»

አንድ ልጅ «እንዴ!» አለ። ሌላው «ዝም በል» አለው። ዳይሬክተሩ በሩ ጋ ዓይኖቹን ጨፍኗል። ሦስተኛዋን፣ ቢሎንግን፣ ባለ መስመሩ ውስጥ የከተትኩት በንዴት ነው። ተቆጣኝ እንጂ! አንዴ ብቻ ተቆጣኝ እንጂ! ዓይን ለዓይን ገጥመን ቆምን። አባቴ ፈገግ አለ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አለኝ። ክፍል ውስጥ ‘የኔ ልጅ’ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ተነሣ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስቲ የመጀመሪያዋን ካርድ እርስዎ ራስዎ ያስገቡልን።»

አባቴ ካርዷን ከጥቁሩ ኪስ አወጣት። ስምንቱ ኪሶች ፊት ቆመ። የኮቱ ጀርባ ላይ የጠመኔ አቧራ ነበር፤ ያን አቧራ እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ካርዷን መልሶ ጥቁሩ ውስጥ ከተታት።

«ልጅቷ እንዳስገባችው ነው» አለ።

ተቆጣጣሪው ደብተሩን ዘጋ። «አመሰግናለሁ፣ መምህር» ያለው በሽተኛ በሚጠየቅበት ድምፅ ነው። የሳቀ ልጅ አልነበረም።

ቧንቧው ጋ ትንኝ መጣች። «አባትሽ ላንቺ ሲል በመንግሥት ሰው ፊት ዋሸ» አለችኝ። ቅናትም ነበረባት። እኔም የገባኝ እንደዚያው ነበር። እንዳላፍር ብሎ፣ ለእኔ ሲል፣ ሕይወቱን ሙሉ ያስተማረውን እንግሊዝኛ አፈረሰልኝ። ያን ቀን በዓለም ላይ እንደኔ የሚወደድ ልጅ የለም ብዬ ነበር ወደ ቤት የገባሁት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ነበር?»

«ጥሩ» አልኳት። «ሦስቴ ጎበዝ ተባልኩ።»

ሳመችኝ። ዓይኔን፣ ግንባሬን፣ ያን ያሳመመችኝን ጸጉር ሳይቀር ሳመችው። ከዚያ ውሃ እንዳመጣ ላከችኝ።

በአራተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይዞ መጣ። መኪናው ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላረፈም። በመስኮት ሳያት መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም፤ ባዶውን ነበር የምትረግጠው። በወሩ ቁልፉን አስረከብን። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን፤ መኪናው በር ላይ፣ የእኔ ፍራሽ ከመኪናው ሥር። ሸራው ከነካርዱ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ፣ ወጥቶም አያውቅ። ትንኝ ሁለት ጊዜ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ከዚያ ሩቅ ሆነባት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። መጀመሪያ አካባቢ ይጠይቀኛል፤ «ዲፔንድ?» «ግራጫ፣ አባዬ።» «ጎበዝ።» ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ነገሩ እየገባኝ የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ። አንድ ቀን ተነሥቼ ‘አሃ!’ አላልኩም፤ እንደ እርጥበት ነው ግድግዳውን የወጣው። በመጨረሻ ግሶቹም ሄዱ። ባዶ እጄን ብዘረጋለት እንኳ «ጎበዝ» ይለኝ ነበር።

የመምህር ልጅ መምህር ሆንኩ፤ ምን ላድርግ። ያንኑ እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። ኪስ ግን አልሰፋሁም።

ያለፈው ቅዳሜ ስልሳ ሦስት የፈተና ወረቀት ታቅፌ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። ሳጥኑን ከፍታ ሸራውን አልጋው ላይ ዘርግታ ኪሶቹን በምላጭ ትፈታለች። ክው አልኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለጎረቤቷ ሽርጥ ልሰፋላት ነው። ኪሱ ደህና ነው፤ ለምን ይባክናል?»

ወረቀቴን ማረም ጀመርኩ። «እስቲ ይቺን እይልኝ» አለች። ከጥቁሩ ኪስ ካርድ ወጥቷል። ጥጉን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው፤ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ አለበት። «ምን ይላል?»

«ዲፔንድ።»

«ታዲያ ጥቁር ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ስትጠይቀኝ እያወቀች ነው፤ ዳይሬክተሩ ያኔ ደብዳቤውን ሲያመጣ ሳይነግራት አልቀረም። ምላጩን አስቀመጠች።

«በእኔ ነው» አለች። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እየሰማሁ፣ እኔ ቤቴን ሙሉ ለአሥር ዓመት ልጅ አስቦካሁ። ያን ሁሉ ሸክም ጫንኩብሽ፤ ያ ሰውዬ ከኋላ ተቀምጦ ሲያይሽ ደነገጥሽ፣ የምታውቂው ጠፋብሽ። ሕፃን ነበርሽ እኮ! ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በጸሎቴ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፤ አንቺንም ይቅር በይኝ ልልሽ አስብና አፌን ይይዘኛል።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነበር። እጇን ይዤ፣ ‘አዎ እማዬ፣ ደንግጬ ነው፣ ይቅር ብዬሻለሁ’ ብዬ ወረቀቴን ላርም እችል ነበር። ደክሞኝም ነበር፤ እግዜር ያያል። ግን የእኔን ጥፋት ተሸክማ ልትሞት ነው።

«እማዬ፣ አልደነገጥኩም።»

«ደንግጠሽ ነው እንጂ!»

«አውቄ ነው። ትንኝ አባትሽ ያዳላልሻል ስላለችኝ፣ እንዲቆጣኝ ብዬ፣ አውቄ ነው።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ዲፔንድ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኖ።

«ግራጫ።»

«ዌይት?»

«ቡናማ።»

«ቢሎንግ?»

«ሰማያዊ፣ እማዬ።»

«ታውቂው ነበር» አለች። ሸራውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። «አደራ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

አለቀስኩ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ እንደ ልጅ ንፍጤን እየሳብኩ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። ይቅርታ ይሁን ድካም አሁንም አላወቅኩም።

«ያን ለት ማታ ምን እንዳለኝ ነግሬሽ አላውቅም» አለች። «አንቺ ውሃ ልትቀጂ ሄደሽ ሳለ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጠራኝ። ‘እየጠፋብኝ እንደሆነ አውቃለሁ’ አለኝ። ከአፉ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ‘ግን ዛሬ አየኋት፤ ልጅቷ ሁሉንም ይዛዋለች። ከእንግዲህ እኔ ብረሳውም ግድ የለኝም’ አለኝና ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተኛ። በዚያ ዓመት እንደዚያን ቀን ተኝቶ አያውቅም።»

ካርዷ እጄ ላይ ነበረች። ግራጫው ኪስ ገና አልተፈታም፤ አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ ከተትኳት፣ እስከ ታች ድረስ ገፋኋት። እናቴ ምላጯን አንሥታ ወደ ካኪው ኪስ ዞረች። ዞር ብዬ አንድ ሰው ጎበዝ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ ማንም አልነበረም።